የአያት ጡረታ የልጅ ቁርስ ነው

ስለ ድህነት በተሰበሰብን ቁጥር ተራው የታወቀ ነው። መጀመሪያ ወጣቱ ይነሳል፤ ሥራ ይፈጠርለት ይባላል። ቀጥሎ ሕፃኑ፤ የነገ አገር ተረካቢ ነውና ይመገብ፣ ይማር ይባላል። ሽማግሌና አሮጊት የሚታወሱት ስብሰባው ሊበተን ሲል ነው፤ እነሱም ለምርቃት። በዓል ሲደርስ ደግሞ አምስት ሊትር ዘይትና አንድ ዶሮ ይዞ፣ ካሜራ አስከትሎ ደጃቸው የሚቆም ሹም አይጠፋም። ከዚያ በኋላ ያለው የቤተሰብ ጉዳይ ነው፦ ልጅ ይጦራል፣ ጎረቤት ያያል፣ ዕድር ይቀብራል።

ይህን አመለካከት መንግሥት ብቻውን አልፈጠረውም። የተማረውም፣ ነጋዴውም፣ ዶላር የሚሰጠው ለጋሽም ይጋራዋል። በጨዋ አንደበት ሲቀርብ ክፉ አይመስልም። ያለን ገንዘብ ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ፍሬ በሚያፈራበት ላይ እናውለው ይላል። ወጣት ከሠለጠነ አርባ ዓመት ይሠራል፣ ሕፃን ከጠገበ ዕድሜ ልኩን ያተርፋል፣ ለሰባ ዓመት ሰው የተሰጠ ብር ግን ተበልቶ ያልቃል። «ነፃ ብር ሰው ያሰንፋል» የሚለው ሲታከልበትማ ክርክሩ የተዘጋ ይመስላል።

እኔ ግን ስሌቱ ከሥሩ የተበላሸ ነው እላለሁ። ድህነት ገብቶ የሚቀመጠው ቤት ውስጥ ነው፤ ቤት ውስጥ ያለውን ሰው ዕድሜ እየጠየቀ አይመርጥም። በአዲስ አበባ ድሃ ቤቶች ደግሞ ብር ከልጅ ሆድ የሚያደርሱት ብዙ ጊዜ አያት ናቸው። አያትን ከተራው መጨረሻ ያስቀመጠ ፕሮግራም ሕፃኑንም እዚያው አስቀምጦታል።

ቦሌን እንይ። ቦሌ ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው መስታወት የለበሰ ፎቅ፣ ሆቴልና ካፌ ነው። ድሃ የሚፈለገው መርካቶ፣ ተክለ ሃይማኖት ወይም ልደታ ነው። ነገር ግን ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ሁለት መታጠፊያ ለገባ ሰው በቦሌ ሚካኤል፣ በገርጂ፣ በጎሮ፣ በቡልቡላ ዳርቻ፣ በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ በተመሠረተው በለሚ ኩራም ሌላ ቦሌ አለ። በቆርቆሮ የታጠረ አንድ ግቢ፣ ውስጡ የተደረደሩ የጭቃ ክፍሎች፣ ለሁሉም አንድ ሽንት ቤት፣ ውኃ በተራ። ከእነዚህ ክፍሎች በአንዱ የሚገኘውን ቤተሰብ መልኩን ስለማውቀው ልግለጸው፤ የአንድ ሰው ታሪክ ሳይሆን በየግቢው የሚደጋገም ነው።

አያትየዋ ከስልሳ አምስት አልፈዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ቤት ሲሠሩ፣ ልብስ ሲያጥቡ፣ እንጀራ ሲጋግሩ ስለኖሩ ጡረታ የሚባል ነገር አያውቃቸውም። ልጃቸው በቆርቆሮው ጣሪያ ላይ እያጓራ ከሚያልፈው አውሮፕላን በአንዱ ተሳፍራ ቤይሩት ወይም ጅዳ ገብታለች። ሁለት የልጅ ልጆች እሳቸው እጅ ቀርተዋል። ብሩ አንዳንድ ወር ይመጣል፣ አንዳንድ ወር ድምፁ ይጠፋል። መጀመሪያ የደላላው ዕዳ ነበረበት፤ ከዚያ አሠሪዋ ደመወዝ ያዘችባት፤ ከዚያ ስልኳ ተወሰደ። አያትየዋ ለድጋፍ ለመመዝገብ ወረዳ ሲሄዱ መልሱ አጭር ነው። «እማማ፣ ልጅዎ ዓረብ አገር አይደለች እንዴ?» ከዚህ በኋላ የሚነገር ነገር የለም። የወረዳው ኮሚቴ በአእምሮው ዶላር ቆጥሮላቸዋል። የሰፈሩ ስም ቦሌ መሆኑም አይረዳቸውም።

ሕጉ ምን ይላቸዋል? በ2003 ዓ.ም. የወጡት ሁለት የጡረታ አዋጆች፣ አንዱ ለመንግሥት ሠራተኛ ሌላው ለግል ድርጅት ሠራተኛ፣ ትልቅ እርምጃ ነበሩ። የግል ድርጅት ሠራተኛ ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ፤ በ60 ዓመት ጡረታ ይወጣል። ጥሩ ነው። ግን ደመወዝ ላልነበረው ሰው ከመቶ ሰባቱ ከምን ይቆረጣል? ጉልት የምትቸረችረው፣ ሊስትሮው፣ ተሸካሚው፣ የቀን ሠራተኛው፣ የቤት ሠራተኛዋ ሁሉ ከዚህ ውጭ ናቸው። ቦሌን በጉልበታቸው የሠሯት ግንበኞችና ሲሚንቶ ያመላለሱ ሴቶች ዛሬ እያረጁ ነው፤ የቆሙት ፎቆች ከእነሱ ስም ጋር የተያያዘ አንድ የመዋጮ መዝገብ የላቸውም።

የቀረላቸው ሴፍቲኔት የሚባለው የድሆች ድጋፍ ነው። በገጠር በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ፕሮግራም ወደ ከተማ የገባው በ2009 ዓ.ም. ነበር፤ በ11 ከተሞች፣ ለ604 ሺህ ሰዎች፣ በ450 ሚሊዮን ዶላር፤ 300 ሚሊዮኑ ከዓለም ባንክ፣ 150ው ከመንግሥት። ከተጠቃሚው አብዛኛው የአዲስ አበባ ነዋሪ ነበር። በማለዳ አንጸባራቂ ሰደርያ ደርበው፣ ባርኔጣቸውን በነጠላ ላይ ደፍተው፣ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው የቦሌን መንገድ የሚጠርጉትና ቦይ የሚያጸዱት ሴቶች የዚህ ፕሮግራም ፊት ናቸው። ክብር ይገባቸዋል፤ የእኔ ጠብ ከእነሱ ጋር አይደለም።

ጠቤ ከክፍፍሉ ጋር ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ ከተጠቃሚው 84 በመቶ የአካባቢ ልማት ሠርቶ የሚከፈለው ሲሆን ቀጥታ ድጋፍ ለሚባለው፣ ማለትም ለአረጋዊ፣ ለአካል ጉዳተኛና ለመሥራት ለማይችል ሁሉ፣ የቀረው 16 በመቶ ነበር። ሲጀመር የቀን ክፍያው 60 ብር ነበር፤ አንድ ሰው በዓመት እስከ 60 ቀን ይሠራ፣ ከአንድ ቤት እስከ አራት ሰው ይገባ ነበር። እናስላው። ሙሉ ጉልበት ያለበት ቤት በዓመት 14,400 ብር ማግኘት ይችል ነበር። አንዲት አሮጊትና ሁለት ሕፃናት ያሉበት ቤት በዚህ መንገድ የሚያገኘው ዜሮ ነበር። አራት የሚሠራ ሰው ያለበት ቤት ከዚህኛው ይልቅ ድሃ ነው የሚል ካለ ይምጣና ያስረዳኝ። በ2013 ዓ.ም. ሁለተኛው ምዕራፍ ሲመጣ ፕሮግራሙ ወደ 83 ከተሞች ሰፋ፤ ስሙም ውስጥ ሥራ ገባበት፤ ለወጣቶች በድርጅት ውስጥ የሥራ ልምምድ ተጨመረ። መልካም፤ ግን ተራው አሁንም ያው ተራ ነው።

«ያሰንፋል» የሚለውን ቶሎ እንለፈው፤ ብዙ ቀለም የሚገባው አይመስለኝም። የአዲስ አበባው ፕሮግራም በየወረዳው ሲጀመር ቅደም ተከተሉ በዕጣ ስለነበረ ለጥናት የተመቸ ሆነ። ሳይመን ፍራንክሊን፣ ግሩም አበበና ባልደረቦቻቸው ይህን ተከታትለው በ2024 እ.ኤ.አ. በታወቀው አሜሪካን ኢኮኖሚክ ሪቪው ላይ ያሳተሙት ጥናት አለ። ተጠቃሚዎቹ በግል ሥራ ላይ የሚያውሉት ጊዜ መቀነሱ እውነት ነው፤ መንገድ እየጠረገ ሌላ ቦታ ሊሠራ አይችልምና። ነገር ግን በርካሽ የሚገኘው ጉልበት ሲቀንስ የከተማው የቀን ሠራተኛ ሁሉ ዋጋ ወጣ፤ በጥናቱ ስሌት ፕሮግራሙ በሁሉም ወረዳ ሲሠራ የግሉ ዘርፍ ክፍያ 18.6 በመቶ ያድጋል። ከፕሮግራሙ ሳንቲም ያልነካው ተሸካሚም ተጠቅሟል ማለት ነው። ስንፍና ከተባለ እንዲህ ያለ ስንፍና ይብዛልን። ደግሞስ ሰባ ዓመት የሞላቸውን ሴት ከምን ሥራ ነው የምናሰንፋቸው?

ወደ ዋናው ነጥብ ልመለስ። ለአረጋዊ የተሰጠ ብር የት ይገባል? ይህን ጥያቄ ከማንም በተሻለ የመለሰችው ደቡብ አፍሪካ ናት። የአፓርታይድ ዘመን እያበቃ ሲሄድ ለነጮች ይከፈል የነበረው የእርጅና አበል ለጥቁሮችም በእኩል መጠን ተዳረሰ፤ መዋጮ ሳይጠየቅ። ኤስተር ዱፍሎ በ2003 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው ጥናት አያቶች አበሉን በሚቀበሉባቸው ቤቶች ያሉትን ሕፃናት ቁመትና ክብደት መረመረ። ሴት አያት ከተቀበሉ የልጅ ልጆቻቸው፣ በተለይ ሴቶቹ፣ አካላቸው ተሻለ። ወንድ አያት ሲቀበሉ ግን ለውጡ አልታየም። (ይቅርታ አባቶቼ፤ እኔ አይደለሁም ያልኩት።) የእርጅና አበል ተብሎ የወጣው ገንዘብ የሕፃናት ምግብ ሆኖ ተገኘ።

እዚያው አገር የተገኘ፣ በእኔ ላይ የሚጠቀስ ጥናትም አለና አልሸሽገውም። አበል በሚገባበት ቤት ያሉ ጎልማሶች ሥራ ይቀንሳሉ የሚል ነበር። ቆየት ብሎ ያንኑ ቤተሰብ ከዓመት ዓመት የተከታተሉ ተመራማሪዎች የጎደለውን ሞሉ። ቤት ውስጥ የነበሩት ብቻ ተቆጥረው ነበር እንጂ፣ አበሉ ከገባ በኋላ ጎልማሶቹ ልጆቻቸውን ለአያት ትተው ሥራ ወዳለበት ከተማ የመሄዳቸው ዕድል ጨምሮ ነበር። የአያቲቱ ብር የትራንስፖርት ሆነ፣ የልጅ ማሳደጊያም ሆነ። የቦሌዋ አያትም ያንኑ ሥራ ይሠራሉ፤ እሳቸው ግን በባዶ እጃቸው ነው።

«መንግሥት ከጦራቸው ልጅ መጦር ይተዋል» የሚለው ሙግት ደግሞ የሥነ ምግባር ልብስ ስለለበሰ ከሁሉም ይከብዳል። ወላጅ መጦር ባህላችን ነው፤ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም በወላጅና በልጅ መካከል ቀለብ የመስጠት ግዴታ ጥሏል። ግን የትኛው ልጅ ነው የሚጦረው? አብዛኛው ድሃ አረጋዊ ያለው ልጅ ድሃ ጎልማሳ ነው። በደቡብ አፍሪካ ሮበርት ጄንሰን ሲያጠናው አንድ ራንድ አበል በገባ ቁጥር ልጆች የሚልኩት ከ25 እስከ 30 ሳንቲም ያህል ቀንሷል። ሰባው ሳንቲም እጃቸው ላይ ቀርቷል ማለት ነው። የቀነሰውስ የት ሄደ? ከልጁ ኪስ ሳይወጣ ቀረ፤ ለራሱ ልጅ ደብተር ሆነ። ይህን ጥፋት ብሎ የሚጠራ ሰው ሁለት ቤት በአንድ ደመወዝ አስተዳድሮ አያውቅም።

ዕድርንም በዚህ ላይ እጨምራለሁ። ዕድራችን ታላቅ ተቋም ነው፤ ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ንፍሮውን፣ ለቀስተኛውን ያዘጋጃል። ግን ዋና ሥራው ሰው ሲሞት መድረስ ነው። አያትየዋ ቁርስ ቀንሰው የዕድር ወርኃዊ ይከፍላሉ፤ ምክንያቱም ያለ ቀባሪ መቅረት ያስፈራል። ለቀብራቸው የሚቆጥቡለት ተቋም አላቸው፤ ለማክሰኞ ምሳቸው ግን የላቸውም።

የከተማው አስተዳደር በዚህ ጊዜ «የምገባ ማዕከል አለ፣ የተማሪዎች ምገባ አለ» ይላል። አለ። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለተማሪዎች ቁርስና ምሳ መቅረቡ፣ ደንብ ልብስና ደብተር መሰጠቱ፣ ምግቡን የሚያበስሉትም እናቶች ሥራ ማግኘታቸው ከሠራናቸው ጥቂት ንጹሕ ነገሮች አንዱ ነው። ባዶ ሆዱን ሰልፍ ላይ የሚወድቅ ልጅ ያየ መምህር ይመስክር። ሆኖም ምገባው የትምህርት ቤት ደወል ይጠብቃል። ቅዳሜና እሑድ የለም፤ ክረምት የለም፤ ገና ትምህርት ቤት ያልገባችው የሦስት ዓመት ታናሽ እህት የለችበትም። ደወሉ በማይደወልበት ቀን የሚመግቡት እኚያው አያት ናቸው። የምገባ ማዕከሉም ሰልፍ ነው፤ ጉልበቱ የታመመበት ሰው ከቡልቡላ ተነስቶ በሁለት ታክሲ ሊመላለስበት አይችልም።

እስካሁን ያላነሳሁት፣ ግን ከሁሉም የሚበልጥ አንድ የአረጋውያን ፕሮግራም አዲስ አበባ ውስጥ አለ። ማንም በዚህ ስም አይጠራውም፤ በማንኛውም ሪፖርት ላይም አይቆጠርም። የቀበሌ ቤት ነው። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን ወርሶ ኪራያቸው ዝቅተኛ የሆኑትን ለቀበሌ ሲያስረክብ ስለ እርጅና ያሰበ ሰው አልነበረም። ግን ያኔ የገቡት ወጣቶች እዚያው አረጁ። በጥቂት ብር ኪራይ፣ በዋና መንገድ ዳር፣ ከገበያው አጠገብ፣ ከዕድሩ መሐል። የፊት ክፍሏ ለጉልት ሆነች፣ የጓሮዋ ለምጣድ፣ ጥጓ ደግሞ ለተከራይ ተማሪ። ቤቱ አርጅቷል፣ ያፈሳል፤ ይህን የሚክድ የለም። ግን የኪራዩ ማነስ በየወሩ የሚገባ አበል ነበር፤ ለዚያውም ኮሚቴ የማይመረምረው፣ የዋጋ ንረት የማይበላው አበል።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የኮሪደር ልማት ሲመጣ፣ ከቦሌ አየር ማረፊያ እስከ መገናኛ ያለው መስመር ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር፤ ፒያሳም ከመጀመሪያዎቹ ነበረች፤ ካዛንቺስ ተከተለ። ቤቱ የፈረሰበት ነዋሪ ወደ ከተማዋ ዳርቻ፣ ወደ አራብሳ፣ ወደ ገላን ጉራ ሄደ። ለመንገዱ ውበት አልከራከርም፤ መንገዱ አምሯል። የተሻለ ቤት ያገኘም አለ፤ ጣሪያው የማያፈስ፣ ውኃው በቧንቧ የሚመጣ። ግን በሒሳቡ ውስጥ ያልገባውን ላስገባ። ወጣቱ በአዲሱ ሰፈር ሌላ ሥራ ይፈልጋል፤ ልጁ ሌላ ትምህርት ቤት ይገባል። ሰባ ዓመት የሞላቸው ሴት ግን እንጀራ የሚገዟቸውን ደንበኞች፣ ዱቤ የሚሰጣቸውን ባለሱቅ፣ ሲታመሙ በር የምታንኳኳውን ጎረቤት እንደገና የሚያገኙበት ዕድሜ የላቸውም። አሳንሰር በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የወጣላቸውማ ባልዲ ይዞ መውጣት ራሱን የቻለ ሥራ ሆኖባቸዋል። መንግሥት ለተነሺው ምትክ ቤት ሰጠሁ ይላል። ከቤቱ ጋር የፈረሰውን ያልተጻፈ ጡረታ ግን ማንም አልተካም።

አንዳንድ ወዳጆቼ አሜሪካን ይጠቅሱብኛል። እውነት ነው፤ እዚያ በ1935 እ.ኤ.አ. የተደነገገው ሶሻል ሴኩሪቲ እየሰፋ ሲሄድ የአረጋውያን ድህነት በ1959 ከነበረበት 35 በመቶ ወደ 10 በመቶ አካባቢ ወረደ፤ ሕፃናቱ ግን ወደ ኋላ ቀሩ። በ2021 እ.ኤ.አ. ለልጆች የሚሰጠው የታክስ ድጋፍ ለአንድ ዓመት ሲጨምር የሕፃናት ድህነት በአንደኛው መለኪያ ወደ 5.2 በመቶ ወረደ፤ ድጋፉ ሲቋረጥ በማግስቱ ዓመት 12.4 ሆነ። ስለዚህ ለሽማግሌ ያደላ አገር ልጁን ይበድላል ይሉኛል። እዚያ ምናልባት። እዚያ አያት በፍሎሪዳ፣ የልጅ ልጅ በዲትሮይት ይኖራሉ። ገርጂ ውስጥ አንድ ፍራሽ ላይ ነው የሚያድሩት። ከአሜሪካ መማር ያለብን ሌላ ነገር ነው፤ በየትኛውም ዕድሜ ያለ ድህነት ገንዘብ ሲሰጡት ይቀንሳል፣ ሲነሱት ይመለሳል።

የቀረው «ከየት ይምጣ?» ነው። ይህ ትክክለኛ ጥያቄ ስለሆነ በቁጥር ልመልስ። ከመቶ ኢትዮጵያውያን 65 ዓመት የሞላቸው ሦስት ያህል ናቸው። ለእያንዳንዳቸው በወር 1,000 ብር ይሰጥ ብንል በመቶ ሰው 3,000 ብር ነው፤ በነፍስ ወከፍ 30 ብር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ 30 ብር ምን እንደሚገዛ ሁላችንም እናውቃለን። አገራችን ወጣት መሆኗን ለመቃወሚያ የሚያነሱ ሰዎች ይህን ልብ አላሉትም፤ አረጋውያን ጥቂት በሆኑባት አገር የእርጅና አበል ርካሽ ነው። የሚወደደው ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ የዛሬው ወጣት ያለ ጡረታ ሲያረጅ ነው።

ሀብታም ያልሆኑ ሌሎችም ጀምረውታል። ሌሶቶ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 70 ዓመት ለሞላቸው ትከፍላለች። ዛንዚባር በ2016፣ ኬንያ በ2018 ተከትለዋል። ኔፓል የጀመረችው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው፤ በወር 100 ሩፒ፣ ከ75 ዓመት በላይ ለሆኑ ብቻ። ብሩ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ መብቱ ግን ተተከለ፣ ኋላም ዕድሜው እየወረደ መጠኑ እያደገ ሄደ። የእኛ ሕገ መንግሥትም አንቀጽ 41 ላይ አቅም በፈቀደ መጠን አረጋውያንን መርዳትን በመንግሥት ላይ ጥሏል፤ የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲያችንም በ2007 ዓ.ም. ጸድቋል። ወረቀት አልጎደለንም።

የእርጅና አበሉን አዲስ አበባ ራሷ ትጀምር። ከ75 ዓመት ይጀመርና በየሁለት ዓመቱ ይውረድ። ለቦሌም ለአዲስ ከተማም እኩል ይሁን፤ የሰፈር ስም፣ «ልጅዎ የት ናት?» የሚል ጥያቄ፣ ዝርዝር ለጥፎ ቅሬታ መጠበቅ ይቅር። ሀብታሙም ይውሰድ፤ እሱን ለመለየት ኮሚቴ ማቆም ከሚድነው ብር በላይ ድሃ ያስቀራል። የልደት ካርድ የሌላቸው ብዙ ናቸው፤ የሲቪል ምዝገባ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነውና፤ ስለዚህ የፋይዳ መታወቂያ ምዝገባ ሲደረግላቸው ዕድሜያቸው በምስክር ይጻፍ፣ መታወቂያ ጽሕፈት ቤቱም መራመድ የማይችሉትን ቤታቸው ድረስ ሄዶ ይመዝግብ። ክፍያው በባንክ ሒሳብ ይግባ፤ ሒሳቡም በአባወራው ወይም በሚጦራቸው ልጅ ስም ሳይሆን በራሳቸው በአያቲቱ ስም ይከፈት።